መጋረጃው ክፍት ይሁን

የዓመት ፈቃዴን በወሰድኩ በማግስቱ ልጄ ሳምራዊት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ልትወስደኝ ለመነችኝ። እኔ ፒያሳ ነው የምሄደው፣ ለምሳ፣ አልኳት። በሳቅ ፈረሰች። «እማዬ፣ ፒያሳ እኮ የለም፣ ፈርሷል!» አለችኝ፣ የተወለድኩበትን ሰፈር ወሬ ከሷ አፍ የምሰማ ይመስል። የለም ብሎ ነገር ምንድን ነው? እኔ አለሁ አይደል እንዴ? ክርክሩን ትቼ ነጠላዬን አነሳሁ፤ እሷም ብቻዬን መሄዴ አላስችል ብሏት እያጉረመረመች ተከተለችኝ።

ጊዮርጊስ ጋ ከታክሲ እንደወረድን፣ ከመንገዱ ማዶ ሳትፈርስ ከቀረች አንዲት ሥጋ ቤት የጥብስ ሽታ መጣ፤ ቅቤው ግሎ፣ ሥጋው ቸስ ሲል፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ ከላይ ሲበተንበት የሚወጣው፣ የጠገበን ሰው ምራቅ የሚያስውጠው ሽታ። ባለሁበት ቀጥ አልኩ። ሳምራዊት ያመመኝ መስሏት ክንዴን ያዘችኝ። ምንም አላመመኝም፤ ድንገት ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ ነው እንጂ፣ እናቴ አስካለ በአንድ እጇ የኔን እጅ፣ በሌላው ቦርሳዋን ጨብጣ «ቀና ብለሽ ሂጂ፣ ልንበላ እንጂ ልንሰርቅ አይደለም የምንሄደው» ስትለኝ ተሰምቶኝ ነው።

እናቴ ታይፒስት ነበረች። አባቴ በድንገት ታሞ ከሞተ በኋላ ዓመት ሙሉ ከል ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከቤት ቢሮ ከቢሮ ቤት ስትመላለስ ቆየችና ከሉን ባወለቀች ሰሞን የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። የሰኔው ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ገና አልገባም፣ እኔም ትምህርት ቤት ተዘግቶልኛል። ጎረቤቱ ሁሉ ጠበል ትሄዳለች፣ ወይ አገር ቤት ወርዳ ዘመድ ትጠይቃለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ፀጉሯን ተተኩሳ፣ ቡኒ ተረከዝ ጫማዋን አድርጋ፣ እኔን አስከትላ ከግቢ ወጣች። ወዴት ነው ሲሏት ምሳ ልንበላ አለች። ወይ ጉድ! ቤቷ ወጥ ተሠርቶ የተቀመጠላት ሴት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከሉን ከገላዋ ካወለቀች ሳምንት ያልሞላት ሴት፣ ከቤት ውጪ ምሳ! ዛሬ ሴቱ ሁሉ ካፌ ውሎ ስለሚገባ ይህ ነገር የቱን ያህል ጉድ እንደነበር ለማስረዳት ይቸግረኛል። በዚያ ጊዜ በኛ ሰፈር ጨዋ ሴት ውጪ ብትበላ እንኳ ከባሏ ጋር ነው፤ ያውም ተጋርዳ። በየሥጋ ቤቱ ከወደ ጥጉ መጋረጃ የተንጠለጠለበት ጠረጴዛ አለ፤ ባልና ሚስት ገብተው ይቀመጣሉ፣ አስተናጋጁ መጋረጃውን ይስባል፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደበሉና እንዴት እንደበሉ የሚያውቀው እግዜርና አስተናጋጁ ብቻ ነው። የሰው ዓይን ክፉ ነዋ፤ የሚበላውን ሰው ራሱን ይበላዋል ይባላል።

እናቴ ግን በገባንበት ሁሉ፣ አስተናጋጁ ወደ መጋረጃው ሲሮጥ ገና ሳትቀመጥ «ክፍት ይሁን» ትላለች። አትጮህም፣ አታብራራም፤ በቃ ክፍት ይሁን። እኔ ያን ክረምት አራዳን ያወቅኳት በሆዴ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከጊዮርጊስ ቁልቁል እየወረድን ትኩስ ቦምቦሊኖ እንበላለን፣ ስኳሩ አገጬ ላይ ተለጥፎ እስክንመለስ አብሮኝ ይዞራል፤ ሌላ ቀን አትክልት ተራ ጭቃው ላይ በተነጠፈ ጣውላ እየተራመድን፣ ተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ!» እያሉ በጎመን ጆንያ ሲገፈትሩን እየሳቅን፣ የተላጠ ሸንኮራ ቆመን እንመጥጣለን። ፓስታ በሹካ መጠቅለል ያስተማረችኝ መስታወቱ ወደ መንገድ በሚያሳይ ምግብ ቤት ሲሆን፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሱጎው ቀሚሴ ላይ ሲንጠባጠብ ተመልክቷል። ውቤ በረሃን እንኳ በቀን አሳየችኝ፤ ሌሊቱን ሲዘፈንባቸው ያደሩት ቡና ቤቶች በራቸውን ዘግተው ተኝተው፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ደጃፏ ላይ በዱካ ተቀምጣ ሽሮ በዳቦ ትበላለች። «እንብላ!» አለችን፣ እንደ ወጉ። እንደ ወጉ ቢሆን እናቴ «ብሉ፣ ይባርክልዎ» ብላ ማለፍ ነበረባት። እሷ ግን ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ብዙ ሽሮ በልቻለሁ፣ ያንን የሚያህል አልገጠመኝም።

የሰው አፍ ደግሞ መቼ ያርፋል። ውሃ ቧንቧ ጋ፣ ወፍጮ ቤት፣ ዕድር ላይ ወሬው እኛ ሆንን። «ባሏን ቀብራ አፏን ከፈተች» አሉ፤ መቼም የአራዳ ሰው ሲያማ እንኳ አሳምሮ ነው። እናቴ ስትሰማ ሳቀች፣ እንዲያውም ደጋግማ ለራሷ አለችው። ወሬው ግን በዚያ አላበቃም፣ እትዬ ዘነበች ጆሮ ደረሰ።

እትዬ ዘነበች የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ሲቆጡ ነጠላቸውን እንደ ጦር መሣሪያ የሚያጣፉ ሴት። ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው አልቀመጥም አሉ። «አስካለ፣ አንቺ እንደፈለግሽ ሁኚ። የወንድሜን ልጅ ግን የሥጋ ቤት ወንድ እያያት በየባንኮኒው ስትጎትቻት ዝም ብዬ አላይም። ሰኞ መጥቼ እወስዳታለሁ።» በሩ ሥር ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። የአባቴ ወገን በሙሉ ከሳቸው ጋር ነው፣ የሳቸውን ቃል የሚሽር ሽማግሌም አልነበረም፤ ከወሰዱኝ ወሰዱኝ ነው። እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ድምፅዋ ግን አልተነቃነቀም። «እትዬ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ አብረውን ይብሉ። ነውር ካዩብን የልጅቷን ልብስ እኔው ራሴ አጥፌ እሰጥዎታለሁ» አለቻቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «መጥቼማ አያለሁ!» ብለው ወጡ።

ማታ ፀጉሬን ስትጎነጉን፣ እማዬ አንድ ቀን ብቻ መጋረጃው ቢዘጋ ምናለበት ብዬ አለቀስኩባት። እጇ ፀጉሬ ላይ ቆመ። ከአባቴ ጋር ዘወትር እሑድ እሑድ ጋሽ ወልዴ ሥጋ ቤት ይበሉ እንደነበር፣ አባቴ ሲያጎርሳት ይቀልድ እንደነበር፣ እሷንም ሥጋ አፏ ውስጥ እያለ ሳቅ ያንቃት እንደነበር ነገረችኝ። «ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ሲያወራለት ሰማሁ፤ ሥራ ወዳድ ነበር አሉ፣ ጨዋ ነበር አሉ። ከኔ ጋር ሲስቅ ያየ አንድ ሰው ጠፋ። ማን ይየን? ተጋርደን ነበራ! ሆድና ግንባር አይሸሸግም እያሉ ይተርታሉ፣ ጉርሻችንን ግን ያሸሽጉናል። እኔና አንቺን ይዩን፤ ዓይናቸው ቢጠግብ ምን ጎደለብን?» አለች። ከዚያ ሳታለቅስ ጉንጉኔን ጨረሰች፣ ጠበቅ አድርጋ፣ ራሴን እስኪያመኝ።

እሑድ ዶሮ ማነቂያ ጋሽ ወልዴ ሥጋ ቤት ገባን። ጋሽ ወልዴ ነጭ ጋዋናቸውን የለበሱ፣ ሴት ሲያዩ ድምፃቸው የሚለሰልስ ትሑት ሰው ነበሩ፤ ከል አውልቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋትን እናቴን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና እጃቸውን ወደ መጋረጃው ሰደዱ። «ክፍት ይሁን፣ ጋሽ ወልዴ።» ባንኮኒው ላይ ተደግፈው የሚበሉት ወንዶች ቢላዋቸውን አሳርፈው ወደኛ ዞሩ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ጎትተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ፤ የኔን ልብስ ሲጠቀለል በዓይነ ሕሊናቸው እያዩ እንደሆነ ገባኝ። ሥጋው መጣ፤ ቁርጡ በአንድ ወገን፣ አዋዜና ሚጥሚጣው በሌላ ወገን። እናቴ መጀመሪያ ለሳቸው ጠቀለለች። ጉርሻ እምቢ አይባል፤ ከነጠላው ውስጥ አንድ አፍ ብቻ ወጥቶ ጎረሰና ተመልሶ ገባ። ፈርቼም ርቦኝም ስለነበር እኔ አንዱን ቁራጭ ሚጥሚጣው ውስጥ ሁለት ጊዜ አጥቅሼ ወደ አፌ ወረወርኩ። አቃጠለኝ፤ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቀኙን አፍጥጬ አላመጥኩ።

«አቤት አምላኬ!» አሉ ጋሽ ወልዴ ከባንኮኒው ወዲያ፣ ቢላዋቸውን እንደያዙ። «ቁጭ አባቷን! እሳቸውም ልክ እንዲህ ነበሩ፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያችን ታህል ሳይከፍቱ!» መጋረጃው ውስጥ ገብተው የሚያስተናግዱት እሳቸው ስለነበሩ፣ ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እትዬ ዘነበች ዞሩ። ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩኝ፤ ዓይኔ ገና እንደተጨፈነ ነው፣ እንባዬም እየወረደ ነው። «ወንድሜን! ልጅ ሳለም ቃሪያ ሲበላ እንዲሁ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ነጠላው ከራሳቸው ወርዶ ትከሻቸው ላይ ቀረ። ባንኮኒው ጋ ካሉት አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እናቴ ደግሞ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባል የለ፣ ሁለተኛውን ጠቅልላ ዘረጋችላቸው። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት አፋቸውን ከፍተው ጎረሱ። ከዚያ በኋላ ያጎረሳቸው የለም፣ ራሳቸው ነበር የበሉት፤ አቤት አበላል!

እትዬ ዘነበች እስኪሞቱ ድረስ «ያን ቀን ያስለቀሰኝ ሚጥሚጣው ነው» ብለው ተከራከሩ። ነውር አየሁ አላሉም፣ አላየሁምም አላሉም። ሰኞ ሊወስዱኝ አልመጡም፤ በዓመቱ ግን የእናቴ ፈቃድ ሲደርስ ነጭ ለብሰው በራችን ላይ ተገኙና ዘንድሮ የት ነው የምንበላው ብለው ጠየቁ።

አሁን የሉም፣ እናቴም የለችም፣ ጋሽ ወልዴም ቢላዋቸውን ካስቀመጡ ቆይተዋል። ከማዶዋ ሥጋ ቤት ትኩስ ጥብሱን ከነእንጀራው በፌስታል አስቋጥሬ፣ ሳምራዊትን አስከትዬ የጋሽ ወልዴ ሥጋ ቤት ወደነበረበት ስወርድ ሰፈሩ በረጅም ቆርቆሮ ታጥሯል። ከአጥሩ ወዲያ ምንም አይታይም፤ የማሽን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሠርተው ያሳምሩት፣ እኔ ጭቃና ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ አልናፍቅም። ግን የትኛው ጥግ ላይ እንደሳቅን፣ እትዬ ዘነበች በየትኛው ወንበር ላይ እንዳለቀሱ የሚያሳይ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተዉልኝም። እናቴ ይዩን ብላ ነበር፤ ያዩን ሰዎች ደግሞ ከነቤታቸው ተበተኑ። ባንኮኒው ጋ ነፍስ ይማር ያሉት ወንዶች የት ገቡ? ማን ነው አሁን አዎ፣ አይቻለሁ የሚለኝ? ይሄ ያንገበግበኛል፤ ያንገበግበኛል እንጂ አያሸንፈኝም።

በአጥሩ ትይዩ፣ ሰፊው አዲስ የእግረኛ መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጥኩና ጥብሱን ፈታሁት። ሳምራዊት ግራ ቀኝ ተገላምጣ «እማዬ፣ እዚህ? ሰው ሁሉ እያየን?» አለች። «ይየና!» አልኳትና አጎረስኳት። ቀይ ለብሳ አስፋልት መሀል የቆመች ያህል አፈረች፣ ግን አኘከች፣ ቀጥላም እጇን ሰደደች። ይህን ጊዜ የጥበቃ ልብስ የለበሰ ልጅ እግር መጣ። «እናቴ፣ እዚህ መመገብ አይቻልም» አለኝ በትሕትና። «ልጄ፣ እዚህ የተመገብኩት አንተ ሳትወለድ ነው» አልኩት፣ በአገጬ ቆርቆሮውን እያሳየሁት። «እንብላ!» «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ…» ብሎ ሊያፈገፍግ ሲል ጉርሻዬ አየር ላይ ጠበቀው። ልጁ በሥርዓት ያደገ ነው፣ ጉርሻ አየር ላይ ጥሎ መሄድ አልቻለም። መንገዱን ቃኘ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረ፣ ጎንበስ ብሎ ቶሎ ጎረሰ። ሳምራዊት ሳቋ አመለጣት።

ሁለተኛውን ጠቀለልኩለት፣ ከመጀመሪያው ተለቅ አድርጌ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ታውቃለህ» አልኩት፤ «ይሄኛውን ግን ወደ መንገዱ ዞረህ ነው የምትጎርሰው። ይዩን።»

ዞረ።