ለአንድ የሳንስክሪት መጽሐፍ ጅቡቲ ድረስ

ከድሬዳዋ በባቡር የተነሳሁት በእልህ ነው። ጅቡቲ የምሄደው አንድ መጽሐፍ በሕጋዊ መንገድ ለመግዛት መሆኑን ስናገር፣ ጎኔ የተቀመጠው ነጋዴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት የያዘውን ውሃ ወንበሩ ላይ ደፋው። ይሳቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛን ሰምና ወርቅ ከሳንስክሪት የግጥም ትምህርት ጋር የሚያነጻጽር መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። የጥንቶቹ የሕንድ ሊቃውንት፣ ግጥም ቃሉ ከሚለው በላይ ሌላ ነገር እንዴት እንደሚያሰማ ብዙ ተመራምረዋል። የድሮዎቹን እትሞች፣ የቅጂ መብት ዘመናቸው ያለፈውን፣ ከሕንድ ቤተ መጻሕፍት ክፍት ማኅደሮች በነጻና በሕግ አውርጃለሁ። የቀረኝ አንድ አዲስ እትም ነው፤ ከነትርጉሙና ከነማብራሪያው በዲጂታል ብቻ የሚሸጥ። ያለ እሱ የመጨረሻው ምዕራፌ አይጻፍም። የእኔን የባንክ ካርድ ደግሞ ሻጩ አይቀበልም።

«ቴሌግራም ላይ በነጻ አለልህ» ብሎኝ ነበር ጓደኛዬ ጌታሁን። «ሕንዶቹ ድሬዳዋ ድረስ መጥተው አይከሱህ!»

አልፈልግም። ስለ ሰፈራችን ሰዎች የጻፍኩትን፣ በራሴ ወጪ ያሳተምኩትን መጽሐፍ አንዱ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ሲበትነው «አስተዋወቅኩህ እኮ!» ነበር ያለኝ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ! እኔ ላይ ሲደረግ ሌብነት፣ ሕንዱ ላይ ሲደረግ ብልጠት የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

ካርቲየ 3

የድሬዳዋ ሰው ሙቀት አይፈራም ይባላል፤ ጅቡቲ ነጋድ ባቡር ጣቢያ ስወርድ ግን ሸሚዜን አውልቄ መጣል ነበር የቀረኝ። ባለታክሲው በሶማልኛ ጀመረ፣ በፈረንሳይኛ ተከራከረ፣ በመጨረሻም በአማርኛ «በቃ ግባ አባቴ» አለኝ። መንገዱን ወደ ዶራሌ ወደብ የሚያመሩ፣ የእኛ ታርጋ ያላቸው ከባድ መኪኖች ሞልተውታል።

የአክስቴ ልጅ አልማዝ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ትኖራለች። እዚህ አገር የመጣችው ለሰው ቤት ሥራ ነበር፤ አሁን የራሷ ልብስ ሱቅና የባንክ ካርድ አላት። የመጣሁት አብሬያት ሆኜ በዚያ ካርድ በራሴ ስም ልገዛ ነው። በየመኖች ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር አቀረበችልኝ፤ እጄን ሳልታጠብ ዜናውን ነገረችኝ።

«ተገዝቷል!»

«ምኑ?»

«መጽሐፍህ ነዋ ጋሼ! ስትመጣ እንዳትንገላታ ብዬ ትናንት ገዛሁት።»

ስልኳን ተቀብዬ አየሁ። የተገዛው በእሷ ስም ነው። ውሉ ደግሞ የሚያነበው ገዢው ብቻ እንደሆነ፣ ያለ ሻጩ ፈቃድ ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ክልክል እንደሆነ ይናገራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

«ሌላ ሰው? አንተ ሌላ ሰው ነህ?» አለችና የይለፍ ቃሏን ልትጽፍልኝ እስክሪብቶ አነሳች። «የኔ፣ ያንተ መቼ ተባብለን እናውቃለን?»

እውነቷን ነው። ዘመድ የገዛው የዘመድ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሻጩ ግን የቤታችንን ወግ አያውቅም።

«በስሜ እንዲያዞሩት ጻፊላቸው» አልኳት። «እንዲህ ሆኖ አልወስደውም።»

ፊቷ ጠቆረ። «ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣኸው እኔን ሌባ ለማድረግ ነው?»

ጥያቄውን ማቅረብ የምትችለው ገዢዋ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ አልጽፍም አለች። እኔም ከአቋሜ አልተነቃነቅኩም። ዓሣው ቀዘቀዘ።

ዓርብ

ዓርብ ከተማው ዝግ ነው። ሁለታችንም ቤት ውስጥ ተኮራርፈን ዋልን። ከሰዓት በኋላ አልማዝ መጥታ ስልኳን ጭኔ ላይ ወረወረችው።

«እንግዲያው ይኼንንም አጥፋው!»

የእኔ መጽሐፍ ነበር። ያ የተሰረቀው። በየገጹ ጥግ ላይ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ይታያል።

«ከነጣቱ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ» አለች። «የአባቴን ነገር የጻፍክበት ላይ ጣቱ መስመሮቹን ሸፍኖብኛል። ልግዛ ብል የት ነው የሚሸጠው? እስቲ ንገረኝ!»

መጽሐፌ ከድሬዳዋ ወጥቶ አያውቅም። የተሸፈነውን ግን በቃሌ አውቀዋለሁና አልኩላት፦ «እንግዳ ሲመጣባቸው ጫማውን ይደብቁ ነበር፤ እራት ሳይበላ እንዳይሄድ።»

አልማዝ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። አባቷ ሲቀበሩ እሷ እዚህ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር፤ ሄዳ አልቀበረቻቸውም። እንባዋን ጠርጋ ስልኳን አነሳችና ለሻጩ ጻፈች፦ መጽሐፉ የወንድሜ ነው፤ በስሙ አድርጉልኝ።

ወደ ቤት

ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሻጩ ዝግ ነው። ሰኞ መልስ መጣ፤ መጽሐፉ ወደ ስሜ ተዛውሯል። ልሰናበት ስል ጫማዬ ጠፋ። የተገኘው ምሳ ከበላሁ በኋላ ነው።

በባቡሩ ውስጥ መጽሐፉን እያነበብኩ ተመለስኩ። ጌታሁን ጣቢያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ።

«በል ላክልኝ» አለ።

«አልልክልህም። የሚገዛበትን አሳይሃለሁ።»

አሁንም ያው ነኝ፤ የሰው አልሰርቅም። የራሴን ግን የማዝበት እኔ ነኝ። አትስረቁኝ ለማለት መጀመሪያ የማይሰርቅ ሰው የሚገባበት በር ሊኖረኝ እንደሚገባ የተማርኩት ካርቲየ 3 ነው። ስለዚህ መጽሐፌን በንጹሕ ዲጂታል እትም አዘጋጅቼ፣ ማንም በነጻ እንዲያነበውና እንዲያካፍለው ባለቤቱ መፍቀዱን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌ ለቀቅኩት። መጀመሪያ የላክሁት ለአልማዝ ነው።

መልሷ በድምፅ መጣ። «ጋሼ» አለች፣ «ጣቱ የለም!» ቀጥላም ስለ አባቷ የጻፍኩትን፣ ያንኑ ስለ ጫማው፣ ቀስ እያለች አነበበችልኝ።