ለድንኳን የሚሆን ቦታ

አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑ የተተከለው ቢቸና መሐል፣ አስፋልት ዳር ነበር። ሰፈራችን ለልቅሶ የሚቀመጥበት ሜዳ ነበረው፤ ለሕንፃ ተሰጥቶ በቆርቆሮ ታጠረ። እናቴ እየየ ስትል ባጃጁ ክላክሱን ያንባርቅባታል። አንዱ ሹፌርማ አንገቱን አውጥቶ "ኧረ መንገድ ልቀቁ!" አለን። የዚያን ቀን ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

በዚያው ዓመት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ የጂኦግራፊ መምህራችን አንድ ፕሮጀክት አመጣ። ለኑሮ የምትመችና ዘላቂ የሆነች ከተማ ነድፈን፣ ሞዴሏን በካርቶን ሠርተን፣ ሞጣ ላይ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ልንወዳደር ነው። ሦስት ወንዶችና እኔ አንድ ቡድን ሆንን። መምህሩ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ደግ ሰው ነው፤ መሸነፍ ግን ሞቱ ነው።

ወንዶቹ ዕቅድ ሲያወጡ ባያችሁ! የፀሐይ መብራት፣ የብስክሌት መንገድ፣ ቆሻሻ ወደ ማዳበሪያ የሚቀየርበት ቦታ፣ በየጥጉ መናፈሻ። መናፈሻው ላይ ደግሞ "ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ። ክፉ አይደለም፤ አልጠላሁትም።

"ለመሆኑ እዚህ ከተማ ሰው ይሞታል ወይስ አይሞትም?" አልኳቸው።

"መቃብር አለ እኮ፣ ይኸውልሽ" አለ አንደኛው፣ ዳሩን እያሳየኝ።

"ቀብሮ የተመለሰውስ ሰው የት ይቀመጥ? ሣር አትርገጡ ብላችኋል!"

"አንቺ ደግሞ፣ ሟርተኛ!"

ሟርተኛ ልሁና! እርሳሱን ነጥቄ በየሰፈሩ መሐል ባዶ ሜዳ ከለልኩ። ሠርግም ይሁን ልቅሶ ድንኳን ይተከልበታል፤ በሌላው ቀን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። መምህሩ አይቶ ፊቱን አጨማደደ። "ዳኞቹ ያላለቀ ሥራ ነው የሚሉት። ፏፏቴ አድርጉበት" አለ።

"ቲቸር፣ አይሆንም" አልኩት። ዝም ሲል የተስማማ መስሎኝ። ወይ የኔ ሞኝነት!

ሞጣ ደርሰን ሞዴሉን ስንገልጠው ሜዳዎቼ ሁሉ ላይ ከሰማያዊ ወረቀት የተሠራ ፏፏቴ ተለጥፏል። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ደሜ ፈላ። አንድ በአንድ ገነጣጥዬ ኪሴ ከተትኩት። መምህሩ "አበድሽ እንዴ?" ሳይለኝ በፊት ዳኞቹ ከፊታችን ቆሙ።

ከዳኞቹ አንዱ ሽበታም ናቸው፤ እዚያው የሞጣ ሰው። "ልጄ፣ ይኼ ባዶው ምንድን ነው? ረስታችሁት ነው?" አሉኝ።

"አልረሳነውም። ድንኳን የሚተከልበት ነው፤ ለሠርግም ለልቅሶም።"

"ልቅሶ? ገና በዚህ ዕድሜሽ ስለ ልቅሶ ታስቢያለሽ?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ነው ያቃጠለኝ።

"እርስዎስ የሞቱ ጊዜ የት ሊለቀስልዎ ነው? አስፋልት ላይ?"

መምህሩ ጭንቅላቱን ያዘ። ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም፤ አጥቼው አይደለም። ግን ወጣ፤ አልመልሰውም።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። "የኛም ሰፈር ሜዳ ታጥሯል" አሉ ቀስ ብለው። "ወንድሜን መንገድ ዳር ነው ያለቀስንለት።" ከዚያ የያዙትን ወረቀት አዩ። "መስፈርቱ ግን ጥቅም ላይ ያልዋለ ቦታ ነጥብ ያስቀንሳል ነው የሚለው።"

"ይቀንሱ!" አልኩ።

ቀነሱ። አንደኝነቱን ሌላ ትምህርት ቤት ወሰደው። ወደ ቢቸና ስንመለስ መምህሩ አኩርፎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በኋላ አልቻለም፤ ወደኔ ዞረ።

"እስኪ ንገሪኝ፣ እንደዚያ ያለች ከተማ ውስጥ ማን ሊኖር ነው?"

"እናቴ" አልኩት።