ጆንያው ሳይፈታ

የታሰርኩት በእጄ ምክንያት ነው። ሰርቄባት ወይም ሰው መትቼባት እንዳይመስላችሁ፤ ሳላነሳት ቀርቼ ነው። በደርግ ጊዜ የከተማችን የድሬዳዋ ሸንጎ ተመራጭ ነበርኩ። አንድ ቀን የደህንነት መሥሪያ ቤቶች በጀት እንዲጨመር የድጋፍ ውሳኔ ቀረበ። «ለምን ለምን እንደሚውል ይብራራልን» አልኩ። ሰብሳቢው መልስ ሳይሰጠኝ «የምትደግፉ» ሲል አዳራሹ በሙሉ እጅ ብቻ ሆነ። የኔ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። በማግስቱ ከቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ገዝቼ ስወጣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙኝ። ሽንኩርቱን እንኳ ለቤት ላድርስ ብል ማን ሰምቶኝ።

ያስገቡኝ ድሮ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል፤ ቀትር ላይ ግድግዳው አያስነካም። መስኮት የለም። አየር የሚገባው በብረት በሩ ነው፣ እሱም ሁሌ ዝግ። እዚያ ከታጎርነው ሁሉ የባሰባቸው አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ነበሩ፤ የቀፊራ እህል ነጋዴ፣ «ወንበዴ ቀልበሃል» ተብለው የገቡ። አዴር እንላቸዋለን፣ አጎቴ እንደማለት። አስም አለባቸው። ፀሐይ ሲከር አፍንጫቸውን ከበሩ ስር ወዳለችው ክፍተት አድርገው ይተኛሉ፤ ደረታቸው ሲያፏጭ እስከ ጥግ ይሰማል።

አንድ ረፋድ ላይ የእስር ቤቱ ካድሬ መጣ። ፂሙን ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ።

«ጓዶች፣ ሸንጎው ያጸደቀውን የደህንነት በጀት እናንተም እንድትደግፉ ዕድል ተሰጥቷችኋል። በሙሉ ድምፅ ከደገፋችሁ ከዛሬ ጀምሮ በሩ ቀን ቀን ክፍት ይሆናል።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «በሙሉ ድምፅ ነው ያልኩት።»

ወይ ጉድ! አሳሪያችሁን ቀልቡ እያለን እኮ ነው። በንዴት ጆሮዬ ጋለ።

«የምትደግፉ» አለ። እጆች ወጡ። አልፈርድባቸውም፣ ለአየር ነው። አዴር ግን ከወለሉ አልተነሱም፤ እጃቸውን ለማውጣትም አቅም ያላቸው አይመስሉም። አየኋቸው። የኔ ግትርነት እኚህን ሰው ሊገድል ነው? ለራሴ ያላነሳኋትን ለሳቸው ላነሳ ክንዴን ከጉልበቴ ሳላቅቅ፣ አዴር የእጄን አንጓ ጨምድደው ያዙኝ።

«ተው አቦ» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ለኔ ሳል ብለህ አትግዛ። እኔ ዋላሂ፣ ጆንያ ሳይፈታ ገዝቼ አላውቅም።»

«ምን አሉ ሽማግሌው?» አለ ካድሬው።

«ጆንያው ይፈታና እንየው ነው የሚሉት» አልኩ። ክንዴን ጉልበቴ ላይ መለስኩ።

ከኋላ አንድ እጅ ወረደ። ቀጥሎ ሌላ። ካድሬው ወጣ፤ በሩ እላያችን ላይ ተጠረቀመ።

«ኧረ በናታችሁ! ለናንተ ኩራት እኛ እንቀቀል?» ብሎ ጮኸ አንድ ሾፌር። ልክ ነበር። ተራግሞ ተራግሞ ሲያበቃ ሸሚዙን አወለቀና ከአዴር ራስጌ ቁጢጥ ብሎ ያራግብላቸው ጀመር። ሲደክመው እኔ ተቀበልኩት። ከኔ ሌላው። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም በየቀትሩ ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ።

አዴር ቀድመውኝ ወጡ። እኔ ስለቀቅ መጀመሪያ ወደ ቤቴ፣ ቀጥሎ ወደ ቀፊራ ሄድኩ። ከመደብራቸው ደጃፍ ሳይነሱ አጠገባቸው የነበረውን የማሽላ ጆንያ አፍ ፈቱ። እፍኝ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

«እየው» አሉኝ። ዋጋውን ስጠይቅ ሳቁብኝ፣ ሳቃቸውም ሳል ሆነ።

ዛሬ እሳቸው የሉም። በእድራችን ስብሰባ ሊቀመንበሩ «የምትደግፉ» ሲል ጎረቤቶቼ አስቀድመው ወደኔ ይዞራሉ። «ይኸው፣ ሊጀምረን ነው» ይላሉ። «ይብራራልን» ብዬ እጀምራቸዋለሁ። ክንዴን እርጅና አድክሞታል፤ የማነሳው ግን አሁንም አይቼ ነው።