ከካሉዞ የመጣው ጠርሙስ

እስር ቤት ሲባል የብረት ፍርግርግ ነበር የሚታየኝ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ እኔን ያስገቡኝ ግን ቦሌ ባለ አንድ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የተቃጠለ ዘይት፣ እርጥብ ሲሚንቶ፣ የሰው ላብ። በአፍንጫው እንጀራ ለሚበላ ሰው ከዱላ አያንስም።

ሥራዬ ወይን ጠጅ ነው። አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ውስጥ ለእንግዳ ወይን መርጬ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ሙያውን የተማርኩት ሰሜን ጣሊያን፣ ካሉዞ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጎረቤቷ ካሬማ ኔቢዮሎ ከሚባለው ፍሬ ቀዩን ትጠምቃለች። የካሉዞ ግን ኤርባሉቼ ነው፤ ነጭ ወይን፣ ሲበስል ፀሐይ ባየው በኩል ቀላ የሚል። ምርጥ ምርጡን ዘለላ ጣሪያ ሥር ሰቅለው የብርዱን ወራት ያደርቁትና እንደ ማር የሚወፍር ጣፋጭ ያወጡለታል። ስመለስ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ለቤታቸው ካስቀመጡት አንድ ጠርሙስ ሰጡኝ። ወረቀት እንኳ አልተለጠፈበትም።

ያንን ጠርሙስ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። መምህር ነው፤ እየተፈለገ ገርጂ ተደብቆ ነበር፣ እርጉዝ ሚስቱም አብራው። ስትወልድ እከፍተዋለሁ አለኝ። እኔን የያዙኝ ያለበትን ታውቃለህ ብለው ነው። አላውቅም ብዬ ዘጋሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ተጠራሁ። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ክው አልኩ። ጓደኛዬ ተይዟል ማለት ነው።

መርማሪው ትሁት ልጅ እግር ነው። በፕላስቲክ ኩባያ ቀዳልኝና፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብሎ ሳቀ። ጓደኛዬ ማታ እንደተያዘና ከሱቅ ገዛሁት ብሎ ድርቅ እንዳለ ነገረኝ።

«እንዲህ ያለ እዚህ አገር ይሸጣል? አዋቂ ነህ አሉ፤ ቅመስና ንገረኝ።»

የእኔ ነው ካልኩ እሱ ውሸታም፣ እኔ ደባቂ ነኝ፤ ሁለታችንም አለቀልን። ቀመስኩት። ማር፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከኋላ ያ የኤርባሉቼ ኮምጠጥ ማለት። ለሳምንታት ከሽሮ ሌላ የማያውቅ ምላሴ ሊከዳኝ ምንም አልቀረውም። ጠርሙሱን ደግሜ ያየሁት ያኔ ነው። ግማሽ ነው። ተከፍቶ ተጠጥቷል። ወልዳለች ማለት ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ፊቴን አጨፈገግኩ። «ርካሽ ነው» አልኩት። «ስኳር የተበጠበጠበት። የትም ሱቅ ሞልቷል።»

ጨርሰው አለኝ። ኩባያውን ወደ እሱ ገፋሁት። «እኔ እንዲህ ያለ አልጠጣም።»

ጋራዡ ስመለስ ወይን ወይን እሸታለሁ። እስረኞቹ ጭጭ አሉ፤ የሸጥኳቸው መስሏቸዋል። አልፈርድባቸውም። ሾላ ገበያ በርበሬ የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ብቻ ጠጋ ብለው «ና ልጄ፣ እዚህ አረፍ በል» አሉኝ።

ስፈታ በቀጥታ የሄድኩት ሚስቱ ዘንድ ነው። እሱ ገና ውስጥ ነበር። ሕፃን ታቅፋለች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ፣ ተመስገን ነው፣ ልጁን አይቶ ነው የተያዘው፣ ጠርሙሱን ከፍቶት ነበር አልኳት። ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

«እሱ መቼ ከፈተው? የጠጡት ሊፈትሹ የመጡት ናቸው፤ እሱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቁመው። እሷ የተወለደችው ከዚያ ከሳምንት በኋላ ነው።»

እጄን ዘርግቼ ልጅቷን ተቀበልኳት።

ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። አባቷ ያያት ዳዴ ስትል ነው። እሱና እኔ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አውርተናል፤ ይቺን ግን አልነገርኩትም። ያን ቀን እሱ እዚያው ቪላ ውስጥ፣ ከጋራዡ ግድግዳ ማዶ ታስሮ ትወልድ ይሆን እያለ ሲጨነቅ፣ እኔ ገና ላልተወለደች ልጁ ደስ ብሎኝ እንቅልፌን ተኝቻለሁ።