ቀዩ መብራት በሃያብለ መንገድ ላይ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የሰው ቤት ሾፌር ሆኜ ስቀጠር አሰሪዬ ደጋግሞ የነገረኝ አንድ ነገር ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሾፌር የዘይት መብራቱ እየበራ ዝም ብሎ ሲነዳ ሞተሩ ተቃጥሎ መንገድ ላይ ቀረ፤ ሰውየውም በሳምንቱ ተባሮ፣ መኖሪያ ፈቃዱን ተነጥቆ አገሩ ገባ። «ያ ቀይ መብራት ከበራ እዚያው አጥፋው» አለኝ። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ አልዋሽም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከመንገዱ ይልቅ መብራቱን እያየሁ ነዳሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ነሐሴ ውስጥ በአንዱ ቀትር መብራቱ በራ። የአሰሪዬን እናት ከሐኪም ቤት ሃያብለ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው እየመለስኳቸው ነበር። «ሆዮ» ነው የምንላቸው፣ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ሐኪሙ ሙቀት እንዳያገኛቸው አስጠንቅቋል። መብራቱን ሳይ ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁት። ኤሲውም አብሮ ጠፋ።

ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ከሥርም ጠብ ያለ ነገር የለም። ግን የዘይት ፓምፑ ሞቶ ቢሆንስ? ካርቲየ ሰባት ሰፈር ለሚሠራ ያገሬ ልጅ መካኒክ ደወልኩ። «ሳላየው እንዳታስነሳ። ጫት ሳይገባ እደርስልሃለሁ» አለኝ። የዕለቱ ጫት ከኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ሁሉም ለመቃም ስለሚቀመጥ በዚህ ከተማ ብሎን የሚፈታ ሰው አይገኝም።

«ሆዮ፣ እርስዎ በታክሲ ይሂዱ፤ ላስቁምልዎት» አልኳቸው።

«ተው» አሉኝ። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። «ልጄ መጥቶ ብቻህን ቢያገኝህ ሞተሬን ገደልክ ይልሃል። ወዲያው ማጥፋትህን እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

እምቢ ቢሉም እጃቸውን ይዤ ታክሲ ውስጥ ማስገባት ነበረብኝ፤ አላደረግኩትም። እውነቱን ልናገር፣ ምስክር በማግኘቴ ደስ አለኝ።

በሮቹን ከፈትኩ፤ የገባው ግን አሸዋ የያዘ ትኩስ ነፋስ ነው። ውሃ አጠጣኋቸው፣ በካርቶን አራገብኩላቸው። መጀመሪያ ስለ ድሬዳዋ ያወሩኝ ነበር። ከዚያ ወሬያቸው አጠረ፣ ከንፈራቸው ደረቀ። ሁለት ጊዜ እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ፤ ባስነሳው ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ሁለቱንም ጊዜ የተባረረው ሾፌር ትዝ እያለኝ እጄን መለስኩ።

መካኒኩ ከደወልኩለት አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ደረሰ። መብራቱን የሚያበራውን የዘይት ግፊት ሰንሰር ፈትቶ በቦታው የራሱን መለኪያ ጌጅ አሰረና «አስነሳ» አለኝ። አስነሳሁ። የጌጁ መርፌ ከፍ ብሎ ቆመ፣ ንቅንቅ አላለም።

«ሞተርህ ጤነኛ ነው። ይሄ ሰንሰር ነው የተበላሸው፤ ቀኑን ሙሉ ብትነዳ ምንም አትሆንም ነበር።»

ዞር ብዬ «ሆዮ፣ ሰሙ?» አልኩ። አንገታቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ደግሜ ጠራኋቸው፤ አልመለሱልኝም።

መካኒኩ ሰንሰሩን መልሶ እስኪያስር ድረስ ስሙን ያልጠራሁት ታቦት የለም። መብራቱ እየበራ ወደ ሆስፒታል በረርኩ፤ እሱን የማይበት ዓይን አልነበረኝም። «አደራ ሆዮ፣ አደራ» እያልኩ ነው የነዳሁት።

ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ዓይናቸውን ሲገልጡ ልጃቸው ደረሰ። ስለ መብራቱ ነገርኩት። ሙቀቱ ውስጥ ስንት ሰዓት ቆዩ ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ስከፍት ሆዮ ቀደሙኝ፤ በደከመ ድምፅ በሶማሊኛ መለሱለት። ያን ያህል ሶማሊኛ አያቅተኝም። አምስት ደቂቃ አይሞላም ነው ያሉት።

አሰሪዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ሞተሩን ወዲያው ማጥፋትህ ጥሩ ነው» አለኝ።

እኔም «አመሰግናለሁ» አልኩት።