ነጭ ሳፋ ውስጥ የነጡት ቀይ ዓሦች

ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠና፣ እንድከባከባቸው የተቀጠርኩላቸውን ዓሦች ልጆች በወንፊት እየጨለፍኩ ጽጌረዳው ሥር ደፋኋቸው። ያውም እያፏጨሁ።

ናዝሬት ውስጥ መንግሥት የወረሰው አንድ ሆቴል ነበር፤ ግቢው መሀል ቀያይ ጌጠኛ ዓሦች የሚዋኙበት የሲሚንቶ ገንዳ አለው። የቅጥር ሹሙ የት እንደተወለድኩ ጠየቀኝ። “ቡልቡላ” አልኩት። “ሐይቅ አጠገብ አይደል? እንግዲያው ዓሣ ታውቃለህ” ብሎ የገንዳ ሠራተኛ አደረገኝ። እኔ ዓሣ የማውቀው ተጠብሶ ነው። ሥራ ፈላጊ ግን ሹም አያርምም።

ገንዳውን ሳይ በቀዮቹ መካከል ጥፍር የሚያህሉ ጥቋቁር ነገሮች ይርመሰመሳሉ። የእንቁራሪት ልጆች መሰሉኝ። በንጽሕና ልታወቅ ብዬ ወንፊት አነሳሁ። የአትክልተኞቹ አለቃ ኦቦ ገመዳ ማጠጫቸውን እንደያዙ መጡና ጽጌረዳውን አዩ፣ ገንዳውን አዩ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩ።

“ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ምን እያደረግክ ነው?”

“እንቁራሪት እያጠፋሁ፣ ኦቦ።”

“የቀዮቹ ልጆች ናቸው እኮ። ሲወለዱ እንዲህ ጥቁር ናቸው። አንተስ ስትወለድ ጢም ነበረህ?”

ሁለታችንም ተንበርክከን ገና የሚንፈራገጡትን እየለቀምን ማጠጫው ውስጥ ከተትናቸው። በሥራዬ ዘመን ሁሉ ያሳደግኳቸው ከዚያ ማጠጫ የተረፉት ናቸው።

ወራት ሲያልፉ ጥቁሮቹ ከሆዳቸው ጀምረው ነሐስ መሰሉ፤ ከዚያ ቀሉ። ግን ሁሉም አይደሉም። አንዳንዱ ቀልቶ ሳያበቃ ነጣ። አንዳንዱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አንዷ ደግሞ ጀርባዋ ቀይ፣ ጎንና ጎኗ ነጭ ሆነ፤ ቡራቡሬ አልኳት። አንድ እናት፣ አንድ ገንዳ፣ አንድ ዓይነት ፍርፋሪ፤ ቀለሙ ግን እንደየራሱ። በጾም ወራት አንድ እንግዳ አስተናጋጁን ጠርቶ “ያቺን ወፍራሟን ቀይ ጥበሱልኝ” ያለ ቀን ገንዳው ፊት ቆሜ እንደ ዘበኛ ጠበቅኳት።

አንድ ክረምት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ።

“ለአብዮቱ በዓል ከፍተኛ እንግዶች ይመጣሉ። ገንዳው ቀለም ይቀባ። ውስጡ ቀይ ዓሣ ብቻ ይሁን፤ ነጭ አንድ እንዳላይ።”

“ጓድ፣ ነጩም እኮ የቀዩ ልጅ ነው።”

“ይህን ንግግር ሌላ ቦታ እንዳትደግመው።”

ነጮቹንና ጥቁሮቹን በኦቦ ገመዳ የውሃ በርሜል ውስጥ ደበቅኩ። ቀዮቹን የማቆይበት ዕቃ ግን አጣሁ። ጎረቤቴ እትዬ አስቴር የባዮሎጂ መምህርት ነበሩ። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ እሳቸው ቤት እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር፤ ከቅዱስ ቁርባን በፊት እርስ በርስ እግር የሚተጣጠቡበት ትልቅ ነጭ ሳፋ ነበራቸው። እሱን ለመንኳቸው።

“ለሚቀጥለው እግር መታጠቢያ እንድትመልስልን” አሉኝ።

“እንዴታ” አልኩ።

ዓሦቹን ሳፋው ውስጥ አድርጌ ጨለማ መጋዘን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ቀለሙ ደርቆ፣ ገንዳው ታጥቦ ስመልሳቸው ውሃ የበዛበት ሻይ መስለዋል። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ አያቸው።

“ቀዮቹን የት ሸጥካቸው?”

“ጓድ፣ እነሱው ናቸው።”

“ዓሣ እንደ ሸሚዝ ታጥቦ ይለቃል? እስከ በዓሉ ቀዮቹን አምጣ። ካላመጣህ ጉዳይህን ቀበሌ ያየዋል።”

በዚያን ጊዜ ቀበሌ ገብቶ ቶሎ የወጣ ጉዳይ አላውቅም። እንቅልፍ አጣሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሐሳብ አያጣም፤ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ተቀምጬ የዓሦቹን ፍርፋሪ ስለውስ እትዬ አስቴር ደረሱብኝ።

“ምን እየቀላቀልክ ነው?”

“በርበሬ። እንዲቀሉልኝ።”

“ቅቤውንስ ረሳኸው?”

ሥራ አስኪያጁ ያለኝን ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

“እስስት ብቻ ናት እንዴ ቦታ አይታ የምትለዋወጠው? ጨለማ ውስጥ፣ ያውም ነጭ ሳፋ ላይ አስቀመጥካቸው፤ ነጡ። ፀሐይ ይግባላቸው። ከሥራቸው ጥቁር ነገር አንጥፍ። ካሮት ቀቅለህ፣ አድቅቀህ አብላቸው።”

“በርሜል ውስጥ ያሉት ነጮችስ?”

“እነሱን ካሮት አይመልሳቸውም። የአንዱ ንጣት ከቦታ ነው፣ የሌላው ከዘር። ሁለቱን አታምታታ።”

ከወለንጪቲ መንገድ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ በጋሪ አስመጥቼ ወለሉ ላይ ደረደርኩ። ሥራ አስኪያጁ ሮጦ መጣ።

“ያን የመሰለ ሰማያዊ ቀለም በከሰል ሸፈንከው?”

“ቀዩ ጎልቶ እንዲታይ ነው፣ ጓድ።”

ወደ ቢሮው ተመለሰ። በዚያ ዘመን ቀይ ጎልቶ እንዳይታይ የሚከራከር ሰው አልነበረም።

ካሮቱን ማድቀቅ፣ ፀሐዩን መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። ቀስ በቀስ ቀሉ። በበዓሉ ቀን እንግዶቹ ሲገቡ ገንዳው ፍም የተበተነበት ይመስላል። ሥራ አስኪያጁም እፎይ አለ፣ እኔም። ከዚያ አንዷ ዓሣ ወደ ጎን ገልበጥ አለች። ቡራቡሬ ናት። ቀዮቹን ከነጮቹ ስለይ ከላይ ብቻ አይቻት፣ በቀይ ጀርባዋ አታልላኝ ከቀዮቹ ጋር አብራ ከርማለች። ነጭ ጎኗ ፀሐይ ላይ እንደ ሳንቲም በራ።

ዋናው እንግዳ ቆመ። ጣቱን ወደ ውሃው ቀሰረ።

“ይህቺን ማን ነው ያረባት?”

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እንግዳው ፈገግ አለ። “ቆንጆ ናት።”

“እኔ ነኝ፣ ጓድ” አለ ሥራ አስኪያጁ።

ከበዓሉ በኋላ አዲስ ትእዛዝ ወጣ፤ ቡራቡሬ ይብዛ። አረባኋት። ልጆቿ ቀይ ሆኑ፣ ነጭ ሆኑ፣ ጥቁር ሆኑ፤ እንደ እሷ የሆነ ግን አልወጣም። “ትእዛዙ አልደረሳትም እንዴ?” አለኝ ሥራ አስኪያጁ፤ እየቀለደ መሆኑን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ቀበሌ ግን ዳግመኛ አልተነሳም።

አሁን ናዝሬት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ሽሪምፕ የሚባሉ ባለ ብዙ እግር ጥቃቅን ቀይ የውሃ ፍጥረቶች የሚያረቡ ወጣቶች አሉ። “ጋሼ፣ ከቀዩ ቀለም የለሽ ተወለደብን” እያሉ ይመጣሉ። መጀመሪያ ከሥር ያነጠፉትን አሸዋ አያለሁ፤ ነጭ ከሆነ ጥቁር አድርጉ እላቸዋለሁ። ከዚያም ካልቀላ የዘሩ ነው፤ ለይቶ ማርባት ነው። እስኪያድግ ሳያዩ ግን መድፋት የለም።

ሳፋው እኔ ጋ ነው። በርሜሉን ኦቦ ገመዳ ሲፈልጉት ነጮቹን ሳፋው ውስጥ አኖርኩ፤ ያ የእግር መታጠቢያ ቀን አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። እትዬ አስቴር “በባልዲ ተጣጠብን፣ ግድ የለም” አሉኝ። ከዚያ ወደ ወለንጪቲ ተዛወሩ። አንድ ጊዜ ልመልስላቸው ብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ካሮት ይዤላቸው፣ ብርቱካን ይዤላቸው። በራቸው ላይ ደርሼ ሳንኳኳ ነው ሳፋው ቤት መቅረቱ ትዝ ያለኝ።