የሚነዝረው ውሃ

የሰፈሩ ሰው እትዬ ሳሙና ይላቸው ነበር። ስሙ የወጣላቸው ለፌዝ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሰው አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም እጃቸው ሳሙና ሳሙና ይሸት ስለነበር ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሙቁ ውሃ ለእንግዳ አንሶላ ነበር፤ ለራሳቸው ገላ የተረፋቸው በጆግ የሚንቆረቆር ቀዝቃዛ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ጨርቅ ስትቀድ፣ ስትሰፋ ባጠራቀመችው ገንዘብ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ያስገጠመች ለታማ፣ ከውሃው ሥር አልወጣም አሉ።

«እማዬ፣ ሟሟሽ እንዴ?» ትላለች ልጅቷ በሩን እያንኳኳች።

«ልሟሟ ተዪኝ፤ ስንት ዘመን ደርቄያለሁ» ይላሉ ከውስጥ።

ምን ዋጋ አለው፣ ደስታ ዕድሜው አጭር ነው። ቦይለሩ አመሉን አወጣ። አንድ ቀን ደህና ያሞቃል፣ አንድ ቀን ብሬከሩ ጠቅ ብሎ ይወርድና ቤቱ ጭልም ይላል። እትዬ ሳሙና ደግሞ ሌላ ነገር ይሉ ጀመር።

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ ይነዝረኛል።»

«ሙቀቱ ነው እማዬ።»

«ሙቀት መለየት ጠፍቶኝ ነው? ቧንቧውን ስይዝ እስከ ክርኔ ይወጣል እኮ።»

ልጅቷ ገብታ ታጠበች። ምንም የለም። በማግስቱም ታጠበች፣ ምንም የለም። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባል የለ፤ «ይኸው፣ ደህና ነው» አለቻቸው።

ኤሌክትሪክ ሠሪው ተጠራ። ቀልደኛ ሰው ነው፣ እጁም ፈጣን። የቦይለሩን ክዳን ፈቶ አንድ የላላ ሽቦ አገኘ፤ ጫፉ ከስሏል። ቆርጦ አጠበቀው፣ ብሬከሩንም ቀየረው። አንዱን በሽታ ሲያገኝ ሁለተኛውን አልፈለገም። ወፍራም የላስቲክ ቦቲውን እንዳጠለቀ እጁን ከሚፈሰው ውሃ ሥር ዘረጋና፣ «እማማ፣ ቦይለሩስ ድኗል፤ ብቻ የሚነዝሩት እርስዎ እንዳይሆኑ» አለ። ልጅቷ ሳቀች። እናትየውም ከሰው ላለመለየት ትንሽ ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃው ትንፍሽ አላሉም። ብቻ መታጠብ ተዉ። «ነገ» ይላሉ፤ «ጉንፋን ይዞኛል» ይላሉ፤ «ትናንት ታጥቤ የለም እንዴ» ይላሉ። ያ የሳሙና ሽታ ጥሏቸው ሄደ። ልጅቷ የአንገታቸውን እድፍ ስታይ፣ እርጅና ነው፣ አእምሯቸው እየሸሸ ነው ብላ ቆረጠች። ለእህቷም በስልክ፣ «እማዬ እየጠፋችብን ነው» አለቻት። አንዳንዴም ትዕግሥቷ ያልቅና እጃቸውን ይዛ ታስገባቸዋለች። በሩን ከውጭ ይዛ ትቆማለች፤ ውስጥ ሲያቃስቱ እየሰማች።

አንድ ጠዋት የላስቲክ ነጠላ ጫማዋ ማሰሪያው ተበጠሰባት። ሥራ ረፍዶባታልና በባዶ እግሯ ገባች። ቧንቧውን ስትይዝ የሆነ ነገር ክንዷን እስከ ብብቷ መታትና ከግድግዳው ጋር አላተማት። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ጫማ ያንሸራትተኛል እያሉ ሁልጊዜ በባዶ እግራቸው ነበር የሚታጠቡት። እሷ ከላስቲክ ወርዳ አታውቅም። ያም ሰውዬ ከነቦቲው ነበር።

ኤሌክትሪክ ሠሪው ተመልሶ መጣ፤ ያን ቀን አልቀለደም። ውሃውን የሚያሞቀው ብረት ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ይሾልካል። የሾለከውን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ደግሞ ሲገጠም ጀምሮ አልታሰረም። ብረቱን ለወጠ፣ ሽቦውን አሰረ፣ በመሣሪያው ለካ፣ ደግሞ ለካ።

ልጅቷ ከእናቷ አልጋ ጫፍ ተቀመጠች። «ተሠራ እማዬ። ልክ ነበርሽ። ይቅር በይኝ።»

እትዬ ሳሙና ፎጣቸውን አንሥተው ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመሩ። ልጅቷ በባዶ እግሯ ቀድማቸው ገብታ ውሃውን ከፈተችና ቧንቧውን ያዘች። «ይኸው፣ እይኝ።» እሳቸው አላዩም። ልብሳቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ከውሃው ሥር ቆሙ።

«ነዘረሽ?»

«ኧረ ምንም።»

«እውነቱን ንገሪኝ እማዬ። ትንሽም ቢሆን?»

«እንዳልሽው ነው ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።